በቅርጫ የተካፈለው የጉልበት መድኃኒት

እኛ ወልቂጤዎች አዲስ አበባን እናውቃታለን ብንል ውሸት ነው። የምናውቀው መርካቶን ነው። ጠዋት ሄደን፣ ሸምተን፣ ማታ ተመልሰን በራችን ላይ ነን። እኔም ይህን ሁሉ ዘመን በነርስነት ስሠራ ኮልፌን የማውቀው በታክሲ መስኮት ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ የሥራ ሳምንት እዚያው ከርሜ መጣሁ። ምን አየሽ፣ ምን አሉሽ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ የጤና ጣቢያ ባልደረቦቼና ጎረቤቶቼ፣ በየመንገዱ ቆሜ ከምተርክ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብያለሁ።

የሄድኩት በታላቅ እህቴ በፈለቀች ጉልበት ምክንያት ነው። ፈለቀች ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ እንደነበረና ጉልበቷ ቤት እንዳስቀራት ታውቃላችሁ። የማታውቁት፣ አንድ ሰውዬ የቻይና የባህል መድኃኒት ነው ብሎ የሸጠላትን እንክብል ስትውጥ መክረሟን ነው። ጉልበቷ ጸጥ አለ። ደስታዋ ለጉድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ስኳሯም ወጣ። ሆስፒታል ስንወስዳት፣ እንክብሉ ውስጥ ከቅጠሉ ሌላ ማንም ያልነገራት መድኃኒት ሳይቀላቀልበት እንዳልቀረ ነገሩን።

በዚህ መሀል ነው ኮልፌ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የቻይና መርፌና የዕፅዋት መድኃኒት ለጉልበት ሕመም ይሠራ እንደሆነ በጥናት እየተፈተነ መሆኑን የሰማነው። እኛ የጤና ሠራተኞችም መጥተን እንድናይ ተጋብዘናል፤ ነገሩ ከሰመረ የእኛ ጤና ጣቢያም ወደፊት በጥናቱ ሊገባ ይችላል። ፈለቀች ወሬውን እንደሰማች ልብሷን ማዘጋጀት ጀመረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ቆይ መጀመሪያ እኔ ልየው አልኳት። በጄ ለማለት ጊዜ ፈጀባት። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦

«ሂጂ። ግን ‹ይረዳል አሉ› ብለሽ እንዳትመጪ። ፊቴን ያሳበጠው ‹አሉ› ነው። ይሠራል ወይም አይሠራም በይኝ።»

እውነተኛ መልስ ይዤ እንደምመጣ ቃል ገባሁላት። እኔ ደግሞ ቃሌን ከሰጠሁ ግትር ነኝ፤ ባለቤቴ በቅሎ የሚለኝ ለዚህ ነው።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ ከመናኸሪያ ተነሳን። ፈለቀች ኮልፌ ለሚኖረው ለአጎታችን ልጅ ብላ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አሸክማኛለች። አውቶቡሱ ውስጥ ሙቀቱ ሲያፍነን መስኮቱን ትንሽ ልክፈተው አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ብርድ ሊያስመታን ነው ብለው ዘጉት። ነርስ ነኝ ብላቸው፣ እንግዲያውስ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብሽ አሉኝ። ከኋላም ከፊትም ተጨመሩብኝ። ወሊሶ ወርደን ፍርፍር እስክንበላ ድረስ አየር የሚባል ነገር አላገኘሁም። ከዚያ ቱሉ ቦሎን፣ ሰበታን አልፈን አየር ጤና ደረስን።

ከአየር ጤና፣ ልወርድበት ባሰብኩት በኮልፌው አስራ ስምንት ማዞሪያ በኩል የሚያልፍ ሚኒባስ ያዝኩ። እኛ ዘንድ የባጃጁ ሾፌር የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ የት በር ላይ እንደምትወርጂ ያውቃል። እዚህ «ወራጅ አለ» ያላለ ሰው እስከ ዓለም ዳርቻ ይሄዳል። እኔም ታክሲው ራሱ ማዞሪያው ላይ ይቆማል ብዬ ቆጮዬን አቅፌ ስጠብቅ ሳንሱሲ ደረስኩ። ረዳቱ፣ «እማማ፣ አስራ ስምንት እኮ ድሮ አለፈ» አለኝ። ማለፉ ሳይሆን እማማ መባሌ አናደደኝ። ከኋላ ወንበር የነበረች አንዲት ሴት ሥራዋን ትታ ወደ መመለሻው ሰልፍ ወሰደችኝና ለተራ አስከባሪው አደራ ሰጥታኝ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

አስራ ስምንት ስደርስ የአጎቴ ልጅ ስልክ ዝግ ነው። ሰፈር ለቆ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ መዛወሩን ቆይቼ ነው የሰማሁት። ማዞሪያው አጠገብ ካለ ቡና ቤት በላይ አንድ ቤርጎ ተከራየሁ። ባኞው ውስጥ ቧንቧ አለ፣ ውሃው ግን በጀሪካን ነው። በዚህ አልተገረምኩም። ወልቂጤ ተወልዶ ውሃ ጠፋ ብሎ የሚገረም ሰው የለም። ከሥር ያለው ሙዚቃ ግን አልጋውን ሲያንቀጠቅጠው አደረ።

ማክሰኞ

ክሊኒኩ ከማዞሪያው ብዙ አይርቅም። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ሰላማዊት ልጅ እግር ናት፤ ገና ስንተዋወቅ አንቺ በይኝ ብላ አቀለለችልኝ። ቻይና ሄዳ የተማረች ናት። መርፌውን የሚወጉት ደግሞ አስተማሪዋ የነበሩ ቻይናዊ ሐኪም ናቸው። ታካሚዎቹ ጋሽ ሊ ይሏቸዋል። አማርኛቸው «አይዞሽ» እና «ቀስ» ነው፤ ለሥራቸው ከዚህ በላይ አያስፈልጋቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ዕጣ ይወጣላቸዋል። ግማሾቹ እውነተኛው መርፌና በፓኬት የታሸገ የዕፅዋት ዱቄት ይደርሳቸዋል። ግማሾቹ ቆዳ ነክቶ የማይገባ መርፌና መልኩም ሽታውም መድኃኒቱን የሚመስል ባዶ ዱቄት ይደርሳቸዋል። ዱቄቱን ቤታቸው ወስደው በየቀኑ በሙቅ ውሃ ይጠጣሉ። የትኛው እንደደረሳቸው እነሱ አያውቁም። ጉልበታቸውን እየመረመረች የምትመዘግበው ሰላማዊትም አታውቅም። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ወገን ጉልበት ይነጻጸራል። እኛ ዘንድ መድኃኒት የሚመዘነው በጎረቤት ምስክርነት ነው፤ እከሊት ጠጥታ ተነሳች ከተባለ አለቀ። እዚህ ግን እከሊት መነሳቷ ብቻ አይበቃም፤ ባዶውን የጠጣችውም ተነስታ እንደሆነ ይታያል።

ሳልሞክረው አልሄድም ብዬ ጋሽ ሊ እኔንም እንዲወጉኝ ጠየቅሁ። ጉልበቴ ጎን ላይ ሰኩልኝ። ሕመም አይሉት፤ እየከበደ የሚሄድ ድንዛዜ ነገር ነው። ዕድሜ ልኬን ሰው ስወጋ የኖርኩ ሴትዮ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ነርሶቹ ሳቁብኝ። ከዚያ በሰላማዊት በኩል ጋሽ ሊን ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ተተርጉሞ ሲደርሰኝ መልሳቸው ይህ ነበር፦

«እኔማ እንደሚሠራ አምናለሁ። ለዚህ ነው እኔን መጠየቅ የሌለብሽ።»

እኚህን ሰው ወደድኳቸው። ዕድሜያቸውን የሰጡትን ሥራ ለፈተና ማቅረብ ቀላል አይደለም።

ተራ መጠበቂያው ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ሩቅያ ይባላሉ። አጠና ተራ አካባቢ የሚኖሩ፣ ቅመማ ቅመም የሚነግዱ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሁለቱንም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከነጎረቤቶቻቸው ጥናቱ ውስጥ ገብተዋል። የት እንዳረፍኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊታቸው ተቀየረ። ሴት ልጅ አገር እያላት ቤርጎ ታድራለች ወይ ብለው ተቆጡኝና መርፌያቸውን እንደጨረሱ ሻንጣዬን አብረን አወጣን። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው።

ማታ እራት ሲቀርብ ትንሽ ጨነቀኝ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋ ካቀረቡ እምቢ ማለቱም መብላቱም ይከብደኛል። እትዬ ሩቅያ ግን ከእኔ ቀድመው አስበውበታል። ከአልማዝ ቤት ነው ያስመጣሁት ብለው በሌላ ድስት ሽሮ አቀረቡልኝ። አልማዝ ከዳውሮ መጥታ እዚያው የከረመች ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናት። ቆጮዬም ከሽሮው ጋር ቀረበ። ባለቤታቸው የቆጮውን ስሱነት አድንቀው በሉ፤ የተወለዱት ወራቤ ኖሮ ቆጮ ለእሳቸው እንግዳ አልነበረም።

ረቡዕ

ክሊኒክ ውዬ ከሰዓት ስመለስ የእትዬ ሩቅያ ሳሎን በጎረቤት ሴቶች ተሞልቷል። ሁሉም ጥናቱ ውስጥ ያሉ ናቸው። መሀል ወለሉ ላይ ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተቀምጧል። እያንዳንዷ ከሻሽዋ ወይም ከጡት መያዣዋ የሳምንት ፓኬቷን እያወጣች፣ በመቀስ እየቆረጠች ቆርቆሮው ውስጥ ትገለብጣለች። እትዬ ሩቅያ ክዳኑን ገጥመው በደንብ ናጡት። ከዚያ ወረቀቶች ደርድረው በሻይ ማንኪያ ያካፍሉ ጀመር። ማንኪያውን በቢላ ጀርባ እየደለደሉ፣ አንዱ ክምር ከፍ ካለ እየቀነሱ፣ ልክ የበዓል በሬ ቅርጫ ሲመደብ እንደሚደረገው።

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ምን እየሠራችሁ ነው አልኩ። አልማዝ በኩራት አስረዳችኝ። ዶክተሯ ግማሾቻችሁ ባዶው ይደርሳችኋል ብላ በግልጽ ነግራቸዋለች። እነሱም ቤት ሲመለሱ ተመካከሩ። አንዷ መድኃኒቱን ብቻዋን ጠጥታ፣ ጎረቤቷ ባዶ ስትጠጣ ማየት ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቀላቅለው ይካፈላሉ፤ ለማንም ብዙ ባይደርስ ለሁሉም ትንሽ ይደርሳል። መርፌውንም መካፈል ቢቻል ኖሮ ይካፈሉት ነበር ብላ አሳቀቻቸው።

እኔ አልሳቅሁም። ሁሉም ትንሽ መድኃኒት፣ ሁሉም ትንሽ ባዶ እየጠጡ ሰላማዊት እነማንን ከእነማን ጋር ልታነጻጽር ነው? የሚሠራ ቢሆን እንኳ የማይሠራ ይመስላል። እኔ ለእህቴ ይዤ የምሄደው መልስ ዓይኔ እያየ በሻይ ማንኪያ እየተበተነ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው መጨረሻው ነው። ክምሮቹ ሲያልቁ እትዬ ሩቅያ አንድ ወረቀት ለብቻ አጥፈው ሰጡኝ። ከየድርሻቸው ትንሽ ትንሽ ቀንሰው ያወጡት ነው።

«ይሄ የእህትሽ ነው» አሉኝ። «አይተናት ባናውቅም ጉልበት ያማታል አልሽ አይደል።»

ማልቀስ ቃጣኝ። ወረቀቱን እጄ ላይ ይዤ፣ ለአንዲት ለማያውቋት የወልቂጤ ሴት ከራሳቸው ሕመም ላይ የቀነሱትን ሴቶች እያየሁ፣ ተሳስታችኋል የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና አመሰገንኩ። ጾም ስለነበር ምስር ቀርቦልኝ ነበር፤ ብዙውን ትቼ ተነሳሁ።

ሐሙስ

ሆድ ይፍጀው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እንግዳ ነኝ፣ እንጀራቸውን በልቻለሁ። ግን ምን ብዬ ነው ፈለቀች ፊት የምቆመው? ጠዋት ቁርስ ስንበላ እትዬ ሩቅያን በግልጽ ነገርኳቸው፦ ትናንት ያደረጋችሁት ጥናቱን ያበላሸዋል፣ ለዶክተሯ መነገር አለበት፣ እኔ ከምነግራት እናንተ ብትነግሯት ይሻላል።

አልተቆጡም፤ ገረማቸው። «ዕጣ ነው አሉን» አሉ። «ዕጣ እኮ የሚወጣው ከተካፈለ በኋላ ነው። መደቡ ሳይስተካከል፣ ላንዱ ሙሉ ላንዱ ባዶ አድርጎ ዕጣ የሚያወጣ ማነው? የት አገር አየሽው?»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ቅርጫ ከጉበቱም ከጨጓራውም ለየመደቡ ከተዳረሰ በኋላ ነው ዕጣ የሚጣለው። እኔም የነርስ ትምህርቴን ትቼ የእህቴን ነገር ነገርኳቸው፤ እንክብሉን፣ ያበጠ ፊቷን፣ ይሠራል ብሎ የማለላትን ነጋዴ። ያን መድኃኒት ከባዶ ጋር አስተያይቶ የፈተነ ሰው ቢኖር ኖሮ አይሸጥላትም ነበር አልኳቸው። አንዷ ሙሉውን፣ አንዷ ባዶውን ካልጠጣች መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ማንም ሊያውቅ አይችልም አልኳቸው።

ጉልበታቸውን እያሹ አሰቡ።

«እኔ ባዶውን ጠጥቼ ባይሻለኝ፣ ያ ለእህትሽ ይጠቅማታል?»

«ይጠቅማታል እትዬ። ሙሉውን ከጠጣችው ያልተናነሰ።»

«እንዲህ ብሎ የነገረን የለም» አሉ። «ባዶ ይደርሳችኋል አሉን እንጂ ባዶውም ሥራ እንዳለው ማን ነገረን?»

ተነሱና ሻሻቸውን አሰሩ። ብቻቸውን ግን አልሄዱም፤ አብረን የተካፈልነውን አብረን እንናገራለን ብለው በየበሩ እየቆሙ ሴቶቹን ጠሩ። ቁልቁለቱን እያነከሱ፣ አንዷ የሌላዋን ክንድ ይዛ፣ ሁሉም ወደ ክሊኒኩ ወረዱ። አልማዝ መንገዱን ሁሉ ስትነጫነጭ ነበር፤ ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ግን ከፊት የገባችው እሷ ናት።

ሰላማዊት እስኪጨርሱ አዳመጠች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነበር። ይህን ሁሉ ወር የለፋችበት ሥራ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ሊ ሲተረጎምላቸው ግን ሳቅ ጀመሩ። ብዙ ሳቁ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ባትነግሩኝ ኖሮ አይሠራም ብዬ እጽፍ ነበር» አለች ሰላማዊት። «ከዚያ በኋላ ማንም ደግሞ አይመረምረውም። አላህ ይስጥልኝ እትዬ።»

የእነሱ ውጤት ከጥናቱ ይወጣል፣ ለምን እንደወጣም ሳይደበቅ ይጻፋል አለቻቸው። ሕክምናቸው አይቋረጥም። ጥናቱ ግን ከአዲስ ሰዎች ጋር እንደገና ይጀመራል። እትዬ ሩቅያ ወደፊት የሚገቡትም ሴቶች እንደሚካፈሉ አስጠነቀቋት። አንካፈልም ብለው ቢምሉልሽ አትመኛቸው፣ እኔም ብምልልሽ ውሸቴን ነው አሏት። ሰላማዊት መስኮቱ ላይ ቆማ ቆየች። ስትመለስ ነገሩ አልቆላት ነበር። ዕጣው ለሰው መሆኑ ይቀርና ለሰፈር ይወጣል። አንድ ሰፈር በሙሉ አንድ ዓይነት ይደርሰዋል፤ ቢካፈሉም የሚካፈሉት ያንኑ ነው። ሳንሱሲ አንድ ዕጣ፣ ሌላው ሰፈር ሌላ ዕጣ። ብዙ ሰፈሮች ስለሚያስፈልጉ ሥራው ይረዝማል። እኔም አለቆቼ ከፈቀዱ ወልቂጤ ውስጥ ቀበሌዎች እንዳሉ ነገርኳት። ከፈቀዱ ያልኩት ለወግ ነው፤ እስኪፈቅዱ በራቸው ላይ እንደምቀመጥ አውቄያለሁ።

ዓርብ

እትዬ ሩቅያ ቆጮ አምጥተሽ ባዶ እጅሽን አትመለሺም ብለው ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ቋጠሩልኝ። ያቺን የታጠፈች ወረቀት ግን መደርደሪያው ላይ ተውኳት። አየኋት፣ እሳቸውም ሳያት አዩኝ። እስከ አየር ጤና አብረውኝ በታክሲ መጥተው፣ «ወራጅ አለ» የሚለውን ራሳቸው ጮኸውልኝ፣ አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆመው ሸኙኝ። በዚያ ጉልበታቸው።

በመልሱ ጉዞ መስኮቱን ማንም አልከፈተም፣ እኔም አልሞከርኩም። ቱሉ ቦሎን አልፈን ወደ ቆላው ስንጠጋ፣ ለእህቴ ምን ብዬ እንደምጀምር ቃላት ስመርጥ ቆየሁ። እውነተኛ መልስ ብዬ ሄጄ፣ የያዝኩት ኮረሪማ ነው።

ፈለቀች በሩ ላይ ወንበር አስወጥታ ስትጠብቀኝ ነበር። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ይሠራል?»

«ገና አልታወቀም» አልኳት።

ፊቷን አዞረች። አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፤ ቆርቆሮውን፣ ቅርጫውን፣ ለእሷ የተመደበላትን ድርሻና እኔ ትቼው መምጣቴን። እዚህ ላይ ተቆጣች። ሕመሙ የእኔ፣ ድርሻው የእኔ፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ አለችኝ። መቆጣቷ ተገቢ ነው፤ ሌሊት ሌሊት የሚጠዘጥዛት እሷን ነው።

ቆይታ፣ አዲሱ ጥናት እኛም ዘንድ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰላማዊት ስኳርሽን አይታ ከፈቀደችልሽ፣ አለቆቼም እሺ ካሉ፣ አዎ አልኳት። ግን ዕጣው ለሰፈር ነው፤ ለእኛ ሰፈር በሙሉ ባዶው ሊደርስ ይችላል፣ ማናችንም አናውቅም።

«ባዶው ለእኛ ቢደርስ፣ ለእነዚያ ለኮልፌዎቹ መልሱ ይወጣላቸዋል?»

«ይወጣላቸዋል። ለአንቺም።»

ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ አሰበች።

«ምርኩዜን አቀብይኝ» አለች። «ባዶም ቢሆን አብረውን የሚጠጡትን ሰዎች ዛሬውኑ እንጥራቸው።»